የአየር ሒሳብ

ባንክ ቤት የሚሠራ ሰው ግጥም ይጽፋል ሲባል የሚስቁ ወዳጆች አሉኝ። «ቀን ገንዘብ ትቆጥራለህ፣ ማታ ደግሞ ቤት ትቆጥራለህ» ይሉኛል። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ከመቁጠር በቀር የተካንኩበት ሙያ እንደሌለኝ አውቃለሁና። ዛሬ ላወጋችሁ የወደድኩት ግን ስለ ገንዘብም ስለ ግጥምም አይደለም። ስለ አንድ አሮጌ መኪና ሞተር፣ ወደ ሞተሩ ስለሚገባው አየርና ለዚያ አየር ስለሚከፈለው ዋጋ ነው። ስለ ሞተር የማውቀው ጥቂት ነው፤ ያችን ጥቂትም ያወቅኋት ወድጄ አይደለም። ወንድሜ የሚወደውን ነገር ካላወቅሁ ወንድሜን ላጣው እንደምችል ስለገባኝ ነው።

ነገሩን ከአባታችን ልጀምር።

አባባ የከባድ መኪና ሾፌር ነበሩ። ፊያት 682 ይዘው ከአዲስ አበባ አሰብ ሲመላለሱ ጉልምስናቸውን ፈጁ፤ በ1990 ዓ.ም. የድንበሩ ጦርነት ተነሥቶ የአሰብ መንገድ እስኪዘጋ ድረስ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይዘውኝ ወጡ። ጣርማ በርን ስንወጣ መኪናው ያቃስታል፤ ከማርሚታው ጥቁር ጭስ እየተግተለተለ ከኋላችን ያለውን መንገድ ይጋርደዋል። «አባባ፣ መኪናው ታመመ እንዴ?» አልኳቸው።

«አልታመመም» አሉኝ፤ «ሆዱ ሞልቷል፣ ትንፋሹ ነው ያጠረው።»

ያን ጊዜ አልገባኝም። ከሰላሳ ዓመት ገደማ በኋላ ወንድሜ ነው ያስረዳኝ። በባሕር ወለል ላይ ያለው የአየር ግፊት መቶ ቢባል አዲስ አበባ ላይ ሰባ አምስት ገደማ ነው፤ ጣርማ በር ላይ ከዚያም ያንሳል። የዚያ ዘመን የናፍጣ ፖምፓ ደግሞ ከፍታ የሚባል ነገር አያውቅም። አሰብም ሆነ ጣርማ በር የለመደውን ያህል ናፍጣ ይረጫል። አየር ያላገኘው ናፍጣ በቅጡ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። በእኛ ሙያ ቋንቋ ያልተወራረደ ሒሳብ ልትሉት ትችላላችሁ። የአፋርን ሜዳ ስንይዝ ግን ጭሱ ሳሳ፤ መኪናውም ያ ሁሉ ጭነት በላዩ የሌለ ይመስል ሸመጠጠ። አባባ ጣታቸውን በመሪው ላይ እያማቱ ማንጎራጎር ጀመሩ። «አየህ፤ ቆላ ሲወርድ እሱም ይተነፍሳል» አሉኝ።

እነሆ ዛሬ እኔና ታናሽ ወንድሜ የምንኖረው በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። አየር የሞላበት ቆላ ነው፤ ባሕሩም ሩቅ አይደለም። እኔ በአንድ ባንክ መስኮት ሆኜ የሰው ገንዘብ እቀበላለሁ፣ እከፍላለሁ። ወንድሜ ምሕንድስና ሊማር መጥቶ በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱን አቋረጠና ዘይት የሚቀየርበት፣ ፍሬን የሚታይበት ጋራዥ ገባ። ይህንን አባባ አያውቁም ነበር። በየእሑዱ ስንደውል «ትምህርት እንዴት ነው?» ይላሉ። እርሱም «ደህና ነው አባባ» ይላል። ስልኩን ወደ እኔ ሲያቀብለኝ ዓይኑን ወደ ወለሉ ያደርጋል። እኔም «አዎ፣ ደህና ነው» እላለሁ። በየሳምንቱ ሁለት ሰው የሚፈርምባት አንዲት የሐሰት ደረሰኝ ነበረችን።

ወንድሜ በእረፍት ጊዜው ተለጥፎ የሚውለው በአንዲት የ1995 ስሪት ሆንዳ ሲቪክ ላይ ነው። 1.6 ሊትር ሞተር አላት፤ ከፋብሪካ ስትወጣ 125 የፈረስ ጉልበት ነበራት። እርሱ ቱርቦ ሊያስገባባት ቆረጠ። ቱርቦ በማርሚታው በኩል በከንቱ የሚወጣው ትኩስ ጭስ አንዲት ተሽከርካሪ እንዲያዞርና፣ ተሽከርካሪዋም በዘንጓ ሌላኛው ጫፍ ንጹሕ አየር ጨምቃ ወደ ሞተሩ እንድታስገባ የሚያደርግ መሣሪያ ነው። አሳቡ ዛሬ የተወለደ አይደለም። የስዊዙ መሐንዲስ አልፍሬድ ቢዩኺ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1905 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1918 ደግሞ ሳንፎርድ ሞስ የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ አንድ የአውሮፕላን ሞተር በከባድ መኪና ጭኖ ኮሎራዶ ውስጥ 4,300 ሜትር ከፍታ ወዳለው ወደ ፓይክስ ፒክ ተራራ ወጣ። በባሕር ወለል 350 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር በተራራው ላይ ወደ 230 ወረደ፤ ቱርቦው ሲገጠምለት 356 ሰጠ። ይህንን ስሰማ አባባን አስታወስኩ። ሰውዬው ተራራ ላይ ሆኖ ቆላውን ወደ ሞተሩ ያወረደለት ያህል ነው።

ወንድሜ የገንዘብ እጥረት ነበረበት። እኔ ደግሞ 3,200 ዶላር ነበረችኝ። ግጥሞቼን አዲስ አበባ ውስጥ በመጽሐፍ ለማሳተም አራት ዓመት ያጠራቀምኳት ናት። «ጋሼ፣ በስድስት ወር እመልስልሃለሁ» አለኝ። ሰጠሁት። በወረቀት አላስፈረምኩትም፤ በልቤ ግን አስፈርሜዋለሁ። ይህ ከወረቀቱ የባሰ እንደሆነ ያኔ አላወቅሁም።

ቱርቦው ተገጠመ። ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተር ግን ያው የፋብሪካው ነበር። ወንድሜ የቤንዚኑን ግፊት ከፍ የሚያደርግ ርካሽ መሣሪያ ጨምሮ ኮምፒውተሩን ሊሸውደው ሞከረ። በሦስተኛው ቀን ሞተሩ ውስጥ መዶሻ የሚመታ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ሰማያዊ ጭስ። ሲከፈት የአንዱ ፒስተን ቀለበት የሚያርፍበት ጠርዝ ተሰብሮ ተገኘ። ገንዘቤም መጽሐፌም በዚያች ጠርዝ አብረው ተሰበሩ።

የተናገርኩትን እዚህ አልደግመውም። ትምህርቱንም፣ አባባንም፣ ያቺን የእሑድ ሐሰት ሁሉ አንስቼ ነው የተናገርኩት። ከዚያ በኋላ አራት ወር በአንድ ጣሪያ ሥር ኖረን ከ«እንደምን አደርክ» ያለፈ ቃል አልተለዋወጥንም። በዚያ ወራት የጻፍኩት ነገር ቢኖር ሁለት ስንኝ ብቻ ነው፤

ቀን የቆጠርኩትን ሌት አጎድላለሁ፣
ከራሴ ወንድም ጋር ሒሳብ ይዣለሁ።

ሦስተኛ ስንኝ እምቢ አለኝ።

አንድ ምሽት ከሥራ ስመለስ ወንድሜ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከመኪናዋ የወጣ የአሉሚኒየም ሣጥን ከፍቶ አገኘሁት። የመካከለኛ መጽሐፍ ያህላል። በሲቪክ ላይ ቦታው ከተሳፋሪው እግር አጠገብ፣ ከምንጣፉ ሥር ነው፤ ስሙም «ፒ28» ይባላል። ወንድሜ በብየዳ መተኮሻ በአረንጓዴው ሰሌዳ ላይ ያሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችን አንድ በአንድ እያቀለጠ ያጸዳል። ልናገረው አላሰብኩም ነበር፤ ቀዳዳዎቹ ግን አስገረሙኝ። በነጭ ቀለም የታተመ ቁጥርና የዕቃ ሥዕል አለ፤ ዕቃው ግን የለም። «እዚህ ላይ ምን ነበር?» አልኩት።

«ምንም አልነበረም» አለኝ፣ ቀና ሳይል። «ፋብሪካው ቦታውን አዘጋጅቶ ሳይሞላው ነው የተወው።»

በዚያች ምሽት ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። እርሱም ይነግረኝ ጀመር።

የሞተሩ ኮምፒውተር እንደ እኔ ያለ የባንክ ሠራተኛ ነው። በአንድ መስኮት አየር ገቢ ይደረጋል፤ በሌላ መስኮት ቤንዚን ወጪ ይሆናል። ሥራው ሁለቱን ማመጣጠን ነው። በሰላሙ ጊዜ 14.7 ግራም አየር ሲገባ 1 ግራም ቤንዚን መከፈል አለበት። ታዲያ አየሩን በሚዛን አይመዝነውም። በመግቢያው ቱቦ ያለውን ግፊት፣ የአየሩን ሙቀትና የሞተሩን ፍጥነት ጠይቆ ከሠንጠረዥ ያነባል። ሠንጠረዡ አግድም የሞተር ፍጥነት፣ ቁልቁል ግፊት የተጻፈበት ነው፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ሳጥን ያለው ቁጥር ቤንዚን የሚረጩት አፍንጫዎች ለስንት ሺሕኛ ሰከንድ ይከፈቱ የሚለውን ይወስናል። ሁለተኛ ሠንጠረዥም አለ፤ ካንዴላው እሳት የሚተፋበትን ጊዜ የሚያዝ። እሳቱ የሚለኮሰው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ዲግሪ ቀደም ብሎ ነው። አየሩ ታምቆ ሲበዛ ግን ነበልባሉ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ክብሪቱ ዘግየት ብሎ መጫር አለበት። ከቸኮለ ፒስተኑ ገና ሲወጣ ፍንዳታው ከላይ ይቀበለዋል። ያ ነው መዶሻው።

«ታዲያ መጀመሪያ ለምን ተሰበረ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ የፋብሪካው ሠንጠረዥ የሚያልቀው ባሕር ወለል ላይ ነው» አለኝ። «ከተፈጥሮ አየር በላይ ግፊት ይመጣል ብሎ ያሰበ የለም። እኔ ግማሽ ባር ጨመርኩበት። ኮምፒውተሩ የሚያነብበት ረድፍ የለውም። እሳቱንም እንደ ድሮው ቸኩሎ ለኮሰ። ጥፋቱ የእሱ አይደለም፤ ያልተጻፈለትን አላነበበም።»

ይህንን ሲናገር ድምፁ ውስጥ የሰማሁት ነገር ስለ ኮምፒውተሩ ብቻ አልመሰለኝም። ወንድሜም እኔና አባባ ከጻፍንለት ሠንጠረዥ ውጭ የወጣ ልጅ ነበር። እኔም እስከዚያች ቀን ድረስ የማነብበት ረድፍ አልነበረኝም።

በባዶዎቹ ቀዳዳዎች ላይ ባለ28 እግር መቀመጫ በየደ፤ አጠገቡ ባለ20 እግር ሌላ ቺፕ፣ ጥቂት ጥቃቅን ዕቃዎች፣ «ጄ1» በተባለችው ምልክት ላይ ደግሞ ቁራጭ ሽቦ። ነገሩ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚያች ሽቦ ነው። እርሷ ከሌለች ዋናው ቺፕ በሆዱ የያዘውን የፋብሪካውን ቃል ያነባል፤ እርሷ ስትኖር ግን መቀመጫው ላይ የተሰካውን 32 ኪሎባይት የሚይዝ አዲስ ማስታወሻ ያነባል። በዚያ ማስታወሻ ላይ የቱ ባይት የቱን እንደሚያዝ ፋብሪካው ለማንም አልነገረም። ከሃያ ዓመት በፊት ገደማ እርስ በርስ ተያይተው የማያውቁ አድናቂዎች ናቸው ቁጥሩን በቁጥር እየፈቱ ካርታውን ያወጡት። ግዕዝ የማያውቅ ሰው የብራና መጽሐፍ አግኝቶ ፊደል በፊደል ሲፈታ እንደማለት ነው።

ሌላም ሥራ ነበር። በደቂቃ 240 ሲሲ ቤንዚን ይረጩ የነበሩት አፍንጫዎች 440 በሚረጩ ተለወጡ። በማርሚታው ላይ ያለው የፋብሪካው የኦክስጅን ጠቋሚም ብቻውን አልበቃም። ያ ጠቋሚ «በዝቷል» ወይም «አንሷል» ከማለት ውጭ ስንት እንደሆነ በቅጡ አይናገርም። በላዩ ላይ ልኩን በቁጥር የሚናገር ሰፊ ጠቋሚ ተጨመረ። እኔ ግን የድሮውን ጠቋሚ ሳይ የእሑድ ስልካችን ትዝ አለኝ። «ደህና ነው» የምትባል አንዲት ቃል ይዘን ስንት ዓመት ነዳን?

ሕጉንም ልጥቀስ። አሜሪካ ውስጥ በመንገድ የሚሄድ መኪና ላይ የጭስ መቆጣጠሪያውን መነካካት በንጹሕ አየር ሕግ የተከለከለ ነው። ስለዚህ ወንድሜ ታርጋዋን ፈትቶ መለሰ። ከዚያ ወዲህ ሲቪኳ የምትንቀሳቀሰው በተሳቢ ተጭና ነው፤ የምትሮጠውም ለውድድር በታጠረ ሜዳ ብቻ ነው።

አሁን ወደ እኔ ድርሻ ልምጣ። አዲሶቹን ረድፎች ወንድሜ ሌሊት ሌሊት በካሬ ወረቀት ላይ በእርሳስ ጻፋቸው፤ ከዚያ ወደ ኮምፒውተሩ በእጁ አስገባቸው። ሞተሩ ጉልበት መለኪያው ላይ ከመውጣቱ በፊት በነበረው ምሽት በሬን አንኳኳ። ከአራት ወር በፊት ጀምሮ አንኳኩቶ አያውቅም። «ጋሼ፣ ቁጥር ታይልኛለህ? ዓይኔ ደክሟል» አለኝ።

ቁጥር ማየት እንኳ እችላለሁ። ቁጥሮቹ ምን ማለት እንደሆኑ ማወቅ አላስፈለገኝም። ማታ ማታ ሣጥን ስዘጋ እንደማደርገው የእያንዳንዱን ረድፍ ድምር በወረቀቱም በመስታወቱም አወጣሁ። ሁሉም ተስማማ፤ ከአንዱ በቀር። በእሳት ሠንጠረዡ የመጨረሻ ረድፍ፣ ግፊቱ አንድ ተኩል ባር በሆነበት፣ ወረቀቱ 276 ይላል፤ ኮምፒውተሩ 285። ልዩነቱ 9 ነው።

ባንክ ቤት የሠራ ሰው የጎደለው ወይም የተረፈው ገንዘብ ለ9 እኩል ሲካፈል አንድ ነገር ይጠረጥራል፤ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል። 54ን 45 ብለህ ብትጽፍ ልዩነቱ 9 ነው፤ 81ን 18 ብትል 63 ነው፤ ሁሌም የ9 ብዜት። ስለዚህ ጎን ለጎን ያሉትን አኃዞች ብቻ እያየሁ ሄድኩ። በ4,000 ዙር ሥር ወረቀቱ 12 ይላል። ኮምፒውተሩ 21።

ጣቴን አሳረፍኩበት። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አየ። ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም። ዘጠኝ ዲግሪ ማለት በዚያ ግፊት ላይ ያው መዶሻ ማለት ነበር፤ ያው ፒስተን። ከዚያ «ጋሼ» ብሎ ጀመረና አቋረጠው። እኔም እንዲጨርሰው አልጠየቅሁትም። ሻይ አፍልቼ መጣሁ፤ የቀሩትን ረድፎች አብረን እያነበብን፣ እርሱ ከወረቀቱ ሲጠራ እኔ ከመስታወቱ እየመለስኩ አነጋን።

በማግሥቱ ጎማዎቿ በሚሽከረከረው ብረት ላይ ታስረው ሲቪኳ ነደደች። ወንድሜ ቤንዚን ሲሰጣት ቱርቦው መጀመሪያ እንደ ሩቅ ፉጨት፣ ከዚያ እንደ ነፋስ ጮኸ። እኔ ዓይኔን ከጠቋሚው ላይ አልነቀልኩም፤ 11.6፣ 11.5፣ 11.6… አየሩ ታምቆ ሲገባ ቤንዚኑ እንዲህ ከወትሮው በዛ ማለት አለበት፤ ሞተሩን ከሙቀት ይጠብቀዋልና። መዶሻ አልተሰማም። በጎማዎቿ ላይ የተለካው ጉልበት 171 ሆነ። ወንድሜ ሞተሩን አጥፍቶ ወጣና ኮፈኑ ላይ እጁን አሳርፎ ቆመ። የሚስቅ መስሎኝ ነበር፤ አልሳቀም።

እሑድ ደወልን። አባባ እንደ ወትሮው «ትምህርት እንዴት ነው?» አሉ። ወንድሜ ወለሉን አላየም። «አባባ፣ ትምህርቱን ትቼዋለሁ። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ዋሽቼዎታለሁ» አለ። እኔም ከጎኑ ሆኜ «እኔም አብሬ ዋሽቻለሁ» አልኩ። ከዚያ ስለ ሞተሩ ነገራቸው፤ ስለ መጀመሪያው ፒስተን፣ ስለ ቀዳዳዎቹ፣ ስለ 12 እና 21 ሳይቀር። አባባ ዝም አሉ። ዝምታቸው ረዘመ፤ ስልኩ የተቋረጠም መሰለኝ። መቆጣታቸውን ጠበቅን፤ ማዘናቸውን ፈራን።

በመጨረሻ «ጭሱ ምን ይመስላል?» አሉ።

«የለም አባባ። ምንም ጭስ የለም።»

«በል አስነሣትና አሰማኝ።»

ወደ ጋራዡ ወረድን። ወንድሜ ሞተሩን አስነሣ፤ እኔ ስልኩን ወደ ኮፈኑ አቀረብኩ። አባባ በወዲያኛው ጫፍ፣ ሁለት ሺሕ አራት መቶ ሜትር ያህል ከባሕር በላይ ሆነው፣ ያችን ትንሽ ሞተር አዳመጡ። «ሚኒሞው ትንሽ ከፍ ብሏል» አሉ። ከዚያ ደግሞ ቆየት ብለው፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ «ትምህርቱን መተውህ አሳዝኖኛል። እንዳትዋሸኝ ግን፤ እኔ የሠራተኛ አባት መሆን አላፍርበትም» አሉት። ወንድሜ መልስ መስጠት አቃተው። ሞተሩ ግን ይሠራ ነበር።

3,200 ዶላሯ ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰችም። በየወሩ ጥቂት ጥቂት ያደርግልኛል፤ መጽሐፉም ጊዜውን ይጠብቃል። በዚያ ሰሞን ያቺን ባለ ሁለት ስንኝ ግጥም አውጥቼ ላስተካክላት ሞከርኩ። «ሒሳብ ይዣለሁ» የሚለውን ሰርዤ «ሒሳብ ዘግቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ምጣኔውም ቤቱም አልተዛባም። ደግሜ ሳነብበው ግን እውነት አልሆነልኝም። ከደንበኛ ጋር ሒሳብ ይዘጋል፤ ከወንድም ጋር የሚዘጋ አይደለም፤ እንዲዘጋም አልፈልግም። ስለዚህ የመጀመሪያውን መለስኩት። ስንኙ ያው ነው፤ አሁን ሳነብበው ግን አያመኝም።

ሚኒሞዋንም አስተካክሏታል።